አፕት አላረጀም

«አፕት እኮ የድሮ ነው፤ አሁን ሁሉ ነገር በስናፕ ሆኗል።» መስቀል ፍላወርና ካዛንቺስ አካባቢ ለቢሮዎች ሊኑክስ የሚጭኑ ወጣቶች ይህን ሲሉ የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሁለቱም በሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫንባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ፋየርፎክስ ሲፈለግ ስናፕ፣ ቪኤልሲ ሲፈለግ ስናፕ፤ ትንሽ ያነበበው ደግሞ ፍላትፓክ የተባለውን ሌላ መጫኛ ይጠራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ አዲስ ስለሆነ። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነገር ሌላ አባባል አለ፤ «ዋናው ፕሮግራሙ መጫኑ ነው፣ በምን ተጫነ ለውጥ የለውም» የሚል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የመጫኛ መሣሪያ በፋሽን አይመረጥም። የሚመረጠው ኮምፒውተሩ በተቀመጠበት አገር የኢንተርኔት መስመር፣ የዳታ ዋጋና የመቋረጥ ልማድ ታይቶ ነው። በዚህ ሚዛን ለእኛ የሚያዋጣን አፕት ነው።

የሌላው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም፤ በሙሉ ጉልበቱ ላስቀምጠው። የአፕት መነሻ የሆነው የሊኑክስ ስርጭት ዴቢያን የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፕት በይፋ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ከዴቢያን 2.1 ጋር ነው። አሠራሩም የዚያን ዘመን ነው። አንዱ ፓኬጅ ሌላውን ይፈልጋል፣ ያኛው ሦስተኛውን ይጠራል፤ መሐል ላይ አንዱ ቨርዥን ካልገጠመ ሥራው ይቆማል። የተረጋጋው ስርጭት አንዴ ከወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹ ቨርዥን ለዓመታት ባሉበት ይቆያል። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ የዴብ ፋይል (የዴቢያን ፓኬጅ) ሲጫን ደግሞ አብረውት ያሉት ስክሪፕቶች በሩት ሥልጣን ይሠራሉ፤ ኮምፒውተሩን እንዳሻቸው ማድረግ ይችላሉ ማለት ነው። የኡቡንቱ አዘጋጅ ኩባንያ ካኖኒካል በ2016 እ.ኤ.አ. ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ያመጣው ስናፕ፣ በዚያው ዓመት በአሁኑ ስሙ የወጣው ፍላትፓክም፣ ለእነዚህ ችግሮች መልስ ናቸው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ በአጥር ውስጥ ይሠራል፤ አዘጋጁ አንዴ ካሰናዳው በኡቡንቱም በፌዶራም ይሄዳል፤ አዲሱ ቨርዥን በወጣበት ቀን እጃችሁ ይገባል። «ኢንተርኔቱስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፉክክር አለ፣ ቢሮው ፋይበር ገብቶለታል፣ ሜጋባይት መቁጠር ቀርቷል ይሏችኋል።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሜጋባይት መቁጠር የቀረው ለማን ነው? በስናፕ የሚመጣው ፋየርፎክስ ብቻውን ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው። አብሮት የሚጎተተው የግኖም መድረክ ፓኬጅ ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ሃያ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ አንድ የኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራም ለማግኘት 14 ጊጋባይት ሊያወርድ ነው። ስናፕ ከዚያ በኋላም አያርፍም፤ ማንም ሳያዘው በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፣ ካገኘ ያወርዳል። ልዩነቱን ብቻ የሚያወርድበት ዘዴ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጭነቱን ያቀላል እንጂ ሃያውም ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ከባሕር ማዶ መሳባቸውን አያስቀርም። የሂሳብ ሠራተኛዋ የባንክ ገጽ አልከፈት ብሏት ጥሪ ስታደርግ መስመሩን የያዘው ማነው? የጎረቤት ዩቲዩብ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ መጀመሪያ ስናፕ ምን እያወረደ እንደሆነ ተመልከቱ።

ይህን ማቆም ይቻላል የሚል መልስ ይመጣል። አዎ ይቻላል። ላልተወሰነ ጊዜ ማገድ የሚቻለው ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ተጠቃሚው የራሱን ኮምፒውተር «አሁን አታውርድ» ብሎ ማዘዝ የሚችለው ቢበዛ ለ60 ቀን ነበር። በሞባይል ዳታ፣ በሚቆጥር ካርድ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው? ኡቡንቱ ላይ አፕትም የደኅንነት ማስተካከያዎችን በራሱ ያወርዳል፤ ይህን የሚያደርገውን ክፍል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ትዕዛዝ ነቅሎ መጣል ይቻላል። ከዚያ በላይ፣ አፕት የሚያወርደው ነገር በቢሮው ውስጥ ይከማቻል።

ስለዚህ መከማቸት ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። መስቀል ፍላወር ባለ አንድ ቢሮ፣ ከራውተሩ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም ለሥራ የማይፈልገው አሮጌ ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም። ዴቢያን ተጭኖበታል፤ በላዩ ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። በሌሎቹ ኮምፒውተሮች የአፕት ማስተካከያ ማኅደር ውስጥ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ የዚያ አሮጌ ዴስክቶፕ አድራሻና 3142 የሚል የፖርት ቁጥር። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሊብሬ ኦፊስን ሲጠይቅ ፋይሎቹ ከውጭ ይመጣሉ፣ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ሲጠይቅ ግን ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ነው፤ በቢሮው ኬብል ፍጥነት ይገባል። ሃያኛውም እንዲሁ። የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ ቢሮው የሚከፍለው የአንድ ኮምፒውተር ዳታ ነው። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፣ ከማንም ጋር ውል አልፈረመም፣ የትም አልተመዘገበም።

በስናፕ ይህን ማድረግ ይቻላል? ካኖኒካል ለድርጅቶች የሚያቀርበው መሐል የሚቆም ሰርቨር አለ፤ እሱም በኩባንያው ዘንድ መመዝገብ ይጠይቃል። የስናፕ መደብር አንድ ነው፤ የሚያስተዳድረውም አንድ ኩባንያ ነው፤ የመደብሩ ሰርቨር ኮድ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ነፃ ሶፍትዌር ነው ብለን ያመጣነው ሥርዓት በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ ሲቀር ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ ነው?

«እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ይዞ ይመጣል» የሚለውም እንደ ትሩፋት የሚነገረው ወጪውን ሌላ ሰው ስለሚከፍል ነው። የሰፈር እድር ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ ለአባላቱ ሁሉ ያውላል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንኳን ይግዛ ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም። አፕት የሚሠራው እንደዚያ ነው። ፊደል የሚስለው፣ ምስል የሚፈታው፣ ድምፅ የሚያጫውተው ቤተ መጻሕፍት አንዴ ይጫናል፤ ሁሉም ፕሮግራም ይጋራዋል። የአቢሲኒካ ፊደልን በአንድ የአፕት ትዕዛዝ ስትጭኑ ሊብሬ ኦፊሱም፣ የምስል ማስተካከያውም፣ የጽሑፍ ማረሚያውም በአንድ ጊዜ ግዕዝ ያነባሉ። ከጋራው ቤተ መጻሕፍት በአንዱ ቀዳዳ ቢገኝ አንድ ትንሽ ፋይል ተቀይሮ ሁሉም ይድናል። በአዲሱ አሠራር ግን ያ ቀዳዳ በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ለየብቻ ሊቀመጥ ይችላል፤ አዘጋጁ እስኪነቃ ድረስ ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አሁን ወደ መቋረጡ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ከረመች። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት አልነበረም። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የማነሣው መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያ ይህን ታሪክ ሳያይ መምረጥ ስለማይችል ነው። ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ የተሠራ መሣሪያ የተሠራው ለእኛ አይደለም። እኛ ልናስተካክለው እንችል ይሆናል፤ እስክናስተካክለው ድረስ ግን የሰው ልብስ ነው።

አፕት የተወለደው ዴቢያን በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ዘመን ነው። ዛሬም ሲዲ፣ ፍላሽ፣ የውጭ ሃርድ ዲስክ ለእሱ ማከማቻ ናቸው፤ ከሰርቨር አይለያቸውም። ይህን የቻለው ደግሞ እምነቱን በመንገዱ ላይ ስላልጣለ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በማከማቻቸው አናት ላይ በቁልፋቸው የተፈረመ ዝርዝር ያስቀምጣሉ። ዝርዝሩ የፓኬጅ ማውጫዎቹን የሂሳብ አሻራ ይይዛል፤ ማውጫዎቹ በተራቸው የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ ይይዛሉ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቁልፍ ፊርማውን ካረጋገጠ፣ ፋይሉ በማን እጅ አልፎ መጣ የሚለው ጥያቄ አያስጨንቅም። በአውቶቡስ ይምጣ፣ ከጎረቤት ቢሮ ይቀዳ፣ አንዲት ፊደል ከተነካች አፕት አይቀበለውም። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. በዚህ ሰንሰለት ላይ መሐል የገባ ሰው ሊያታልልበት የሚችል ስህተት ተገኝቶ ነበር፤ ወዲያው ታረመ። እንከን የለውም አልልም። መሠረቱ ግን ለተቆራረጠ አገር የተሠራ ያህል ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይህንኑ አይቻለሁ። ክፍሉ የሚያገኘው ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ ብቻ ነበር፤ ዳታው ጠፋ። መምህሩ አፕት ኦፍላይን በሚባለው መሣሪያ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በትንሽ ፋይል አወጣ፤ ፋይሉ በፍላሽ አዲስ አበባ መጣ። እዚህ መስመር ባለበት ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩን ሰጥተነው የጎደለውን ሁሉ ከነተከታዮቹ አውርዶ በአንድ ዚፕ ጠቀለለው። ዚፑ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። እዚያ ሲገባ ፊርማው ተረጋገጠ፣ ፓኬጆቹ ተጫኑ፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ቀሩት ተቀዱ። የፓይተን ትምህርቱ ቀጠለ። መምህሩ ሲደውልልኝ ያለው «ወንድሜ፣ አንድም ስህተት አላወጣም» ነበር። ለእኔ የመሣሪያ መመዘኛ ይኸው ነው፤ መስመር ሲኖር ስንት ሰከንድ ፈጠነ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ስናፕም ፋይሉን ከነፊርማው አውርዶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማሻገር ያስችላል፤ ይህን መደበቅ ትክክል አይሆንም። ግን መሠረቱን ለብቻ፣ መድረኩን ለብቻ፣ ፕሮግራሙን ለብቻ እየለያችሁ ማውረድ አለባችሁ፤ አንዱን ብትረሱ ጎጃም ደርሳችሁ ነው የምታውቁት። ፍላትፓክን ደግሞ ከስናፕ ጋር በአንድ ዓይን አላየውም። ማንም ሰው የራሱን የፍላትፓክ ማከማቻ መክፈት ይችላል፤ በፍላሽ ላይ ገልብጦ ለመውሰድም የተሠራ ትዕዛዝ አለው። ጥፋቱ ክብደቱ ነው። የመጀመሪያዋን ትንሽ ፕሮግራም ስትጭኑ ከሥሯ የሚመጣው መድረክ በመቶዎች ሜጋባይት ነው፤ ሁለተኛው ፕሮግራም ሌላ ቨርዥን ከፈለገ ሌላ መድረክ ይመጣል። በ128 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ለሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ይህ ዕዳ ነው። አንድ የግድ የሚያስፈልግ ፕሮግራም በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ ከሌለ በፍላትፓክ ጫኑት፤ አልቃወምም። ልማድ ሲሆን ነው የምቃወመው።

«አዲሱን ቨርዥን ያመጣል» ለሚለው፣ አዲስ መሆን በራሱ በጎነት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ፤ ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። የተመረዙት 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ቨርዥኖች ወደ ዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ገብተው ነበር። የተረጋጋው ዴቢያን ግን አልተነካም፤ ምክንያቱም አሮጌውን ይዞ ነበር። አሮጌ ሲባልም የተጣለ ማለት አይደለም። የዴቢያን የደኅንነት ቡድን ቀዳዳ ሲገኝ ማስተካከያውን ወደ ነባሩ ቨርዥን መልሶ ያስገባል፤ ዋናው የቨርዥን ቁጥር አይለወጥም፣ ቀዳዳው ይደፈናል። አዲስ ነገር በእውነት ለሚያስፈልገው ደግሞ የባክፖርት ክፍል አለ። ለማኅደር ቤት፣ ለፋርማሲ፣ ለሂሳብ ክፍል ዛሬ የሚሠራው ነገ ጠዋትም በዚያው መልኩ እንዲሠራ እንጂ በየሳምንቱ ቁልፎቹ ቦታ እንዲቀያየሩ የሚፈልግ አለ? የፋየርፎክስ አዘጋጅ ሞዚላ ራሱ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለፋየርፎክስ የራሱን የአፕት ማከማቻ ከፍቷል። ያረጀ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ለምን ይደክማል?

ስለ አጥሩም ልናገር። አጥር ጥሩ ነው፤ ፕሮግራም ያልተሰጠውን ፋይል እንዳይነካ ይከለክላል። ነገር ግን ክላሲክ የሚባሉት ስናፖች ያለ አጥር ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ወጣት የሚጽፍበት ቪኤስ ኮድ ከእነዚሁ ነው። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. 2048ቡንቱ የተባለ ጨዋታ በስናፕ መደብር ውስጥ የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ ደብቆ ተገኘ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኤክሶደስ የተባለውን የቢትኮይን ቦርሳ አስመስሎ የገባ ስናፕ የአንድ ተጠቃሚን ዘጠኝ ቢትኮይን ወሰደ። አጥሩ እዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሰውየው የሚስጥር ቃሉን በገዛ እጁ አስገብቷል። ያንን ሰው የሚያድነው ፕሮግራሙ መደብር ከመግባቱ በፊት የሚያየው ሰው ነበር። የዴቢያን ማከማቻ ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚጠየቅለት ስሙ የታወቀ ኃላፊ ወይም ቡድን አለው። የዴብ ፋይል በሩት ሥልጣን ስለሚጫን አደገኛ ነው የሚለው ክርክር ልክ የሚሆነው ከማከማቻው ውጭ ለምታመጡት ነው። ከየመንገዱ የዴብ ፋይል ለቅሞ መጫን፣ ከድረ ገጽ ላይ የተቀዳ ስክሪፕት በሩት ማስኬድ የአፕት ጥፋት አይደለም፤ የጫኚው ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ምርጫው ከእጃችን እየተወሰደ መሆኑ ነው። ኡቡንቱ ላይ በአፕት ክሮሚየም ጫን ብላችሁ ስታዙ የሚገባው ስናፕ ነው፤ ከ19.10 ጀምሮ እንዲህ ሆኗል። ከ22.04 ወዲህ ፋየርፎክስም እንደዚያው ነው። በአፕት ስም የመጣው ፓኬጅ ባዶ ነው፤ ሥራው ስናፕን መጥራት ብቻ ነው። ያ ሃያ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ካቸሩን አዘጋጅቶ፣ ትዕዛዙን በአፕት ሰጥቶ፣ ፋይሉ ግን በጎን በኩል ሃያ ጊዜ ይገባበታል። ሊኑክስ ሚንት በ2020 እ.ኤ.አ. በ20ኛው ስርጭቱ ይህን አልቀበልም ብሎ ስናፕን ከነባሪው አግዷል። ትክክል አድርጓል።

የሚያሳዝነው ምርጫውን ከእጃችን የወሰደው ኡቡንቱ መሆኑ ነው። ስሙን ከአፍሪካ የወሰደ፣ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተመሠረተ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለሰው ልጆች የሚል ስርጭት። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ኮኔክሽን ይልቅ የፖስታ ሣጥን የሚታመንበት ጊዜ ነበር፤ ኡቡንቱም ያንን ያወቀ ይመስል ነበር። መስመር የሌለውን ሰው አስቦ የተነሣ ስርጭት፣ መስመር የሌለው ሰው ሊጠቀምበት የሚቸገርበትን መደብር ነባሪ ሲያደርግ፣ እኛ አዲስ ነው ብለን ማጨብጨብ አለብን?

ስለዚህ ለቢሮ ሊኑክስ የምትጭኑ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በየቢሮው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጡና ካቸር አድርጉት። ኡቡንቱን ካልተዋችሁት ስናፕን አንሡና ፋየርፎክስን ከሞዚላ የአፕት ማከማቻ አምጡ፤ የምትተዉት ከሆነ ዴቢያን 13 ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ሚንትም አለ። ሙሉውን ማከማቻ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ክፍለ ሀገር ላለ ትምህርት ቤት አድርሱ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክም ተማሪው ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከገዛ ግቢው እንዲያወርድ ሙሉ የአፕት ማከማቻ ይሸከም፤ ይህን የሚከለክል ፈቃድ የለም፣ የሚከፈል ክፍያም የለም። ደንበኛችሁ «ለምን አዲሱን አልጫንክልኝም?» ብሎ ሲጠይቅም አትፈሩ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ኮምፒውተርህ ሥራ እንዳይፈታ ነው በሉት።